ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ

ጂንካ፣ ኅዳር 12 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር አስካል ወንድይፍራው
አዲስ አበባ

ጤናዎ እንዴት ነው? ዲመካ ላይ እሾህ የወጋው እጅዎ ዳነ? እኛ ጌታ ይመስገን፣ እኔም ባለቤቴ አየለችም ደህና ነን። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መልሱ የዘገየው ከስንፍና አይደለም። አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጉሙን ከላይ አይቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ሲያርፍ ደግሞ ፖስታውን የያዘው ሰው ከእኛ ጋር ከሜዳው ከብት ሲያባርር ቆየና አውሮፕላኑ ያለ ፖስታ ተነሣ። የጂንካን ነገር ያውቁታል።

«ሥራው አለቀ ወይ?» ላሉኝ፣ አልቋል። አምና ዲመካ ጣቢያ ሠላሳ ቀን ሙሉ የወጋናቸውን የካላ አዛር በሽተኞች እንዳዘዙኝ በዓመታቸው ፈልጌአቸዋለሁ። ጣፊያቸው እምብርታቸው ድረስ ወርዶ፣ እግራቸው እንደ ማሽላ አገዳ ቀጥኖ የመጡት ሠላሳ ስምንቱን ማለቴ ነው። ሃያ አራቱ ድነዋል። አሥራ አራቱ ሞተዋል። የሁሉም ስምና ቁጥር ከዚህ ወረቀት ጋር ተያይዟል።

«የሞተ ካለ እርግጠኛ ሁን» ብለው ከሥሩ አስምረውበታል። ዶክተር፣ ገበያው መሐል ቆሜ የእነዚህን የአሥራ አራቱን ስም ስጠራ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ፣ ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። በዚያ ቆላ የሞተ ሰው ስም እንደማይነሣ አብረን አይተናል። ወንዙ ስለ ሞላ አንዳንድ ነገር እንደታሰበው አልሆነም፤ እሱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ቁጥር 23 ኦይታም ከሞቱት ነው። መነጽርዎን አድርጎ ገበያውን የዞረው፣ ሰው ሁሉ የሳቀበት። ትናንት ጧት ጉሙ ውስጥ ሲሄድ ያየሁት መሰለኝ። ሳየው ግን የጎረቤታችን በሬ ነው።

አክባሪዎ
ዶላሞ ዳርጌ፣ ጤና ረዳት


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

ወንድሜ ዶላሞ፣

አየለች እንዴት ናት? አንተስ ያ ጉልበትህ? ይህን ያህል ስለጠፋሁ አትቀየመኝ። ዝም ያልኩት እጄ ባዶ ሆኖ መጻፍ ስላፈርኩ ነው፤ አሁን ባዶ አይደለም።

ጽሑፋችን ታትሟል። አንድ ቅጂ ልኬልሃለሁ። እንግሊዝኛው ቢከብድህ መጨረሻውን ገጽ ግለጥ። በትንንሽ ፊደል የተጻፈ የምስጋና መስመር አለ፤ እዚያ ላይ «ዶላሞ ዳርጌ» ይላል። ስምህ ከጂንካ ተነሥቶ የት የት እንደሚሄድ ብታይ።

«ከዚያስ ምን ይሆናል?» ላልከኝ፣ ከዚያ ካርድ ይመጣል። የሆነ አገር ያለ ሐኪም ስለ ጽሑፉ ይሰማና «እባክሽ አንድ ቅጂ ላኪልኝ» ብሎ በፖስታ ካርድ ይጽፋል። እስካሁን አርባ አንድ ካርድ ደርሶኛል፤ ከሕንድ፣ ከብራዚል፣ ከፖላንድ፣ ስሙን ሰምቼው ከማላውቀው ደሴት። ቴምብሮቹን ለአየለች ልጬላታለሁ። ዓሣው ያለበት የደሴቱ ነው።

ማታ ስተኛ ያ የዲመካ ሙቀት ይመጣብኛል። የማያቸው እረኞቹን ነው። ኩይሳው ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው ተቀምጠው በሽታውን የሚያመጣውን ያንን ትንሽ ዝንብ አያዩትም። «ተነሡ» ልላቸው እፈልጋለሁ፣ ድምፄ አይወጣም። አሥራ አራት! ያንን ሁሉ መርፌ ወግተን።

እህትህ አስካል


ጂንካ፣ የካቲት 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር አስካል፣

ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረስዎ። አየለችም እጅ ነስታለች። ቴምብሮቹን በእንሰት አሚቾ ሙጫ አልጋችን አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፋቸዋለች። ጧት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የደሴቱን ዓሣ ነው። ጉሙ በመስኮት ሲገባ ቤቱ ባሕር ይመስላል፣ ዓሣውም ትንሽ የሚነቃነቅ ይመስለኛል። ለአየለች ስነግራት «አንተ ቆላ ስትመላለስ ወባው ጭንቅላትህ ላይ ቀርቷል» አለችኝ።

ስሜን አየሁት። ትውልድ መንደሬ ገዘር ለገበያ ስወርድ ለታላቅ ወንድሜ ለቦሼ አሳየሁት። ማንበብ አይችልም፤ በጣቱ ግን ዳሰሰው።

ጉልበቴን ስለጠየቁኝ፣ ደህና ነው። ስለ ጸሎት ቤታችንም ጠይቀዋል፤ ተዘግቷል፣ በየቤታችን እንጸልያለን፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አንድ ነገር ግን እኔ ልጠይቅዎ። የዘንድሮው የመርፌ ሣጥን አልመጣም። አምናም ግማሹ ነው የመጣው። መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆን? አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ሜዳው ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ። ጨው ይወርዳል፣ ፖሊስ ይወርዳል፣ የአስተዳዳሪው ሚስት ትወርዳለች። ሣጥኑ የለም። ዲመካ ላይ አምስት ሰው ሆዱን ይዞ ተቀምጧል።

አክባሪዎ ዶላሞ


አዲስ አበባ፣ ጥር 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ወንድሜ ዶላሞ፣

ይቅርታህን። ከአገር ወጥቼ ነበር፤ ደብዳቤህ ጠረጴዛዬ ላይ ከርሞ ነው ያገኘሁት። ደህና መሆናችሁን ሳነብ ግን ከሄድኩበት አገር ሁሉ ጂንካ በለጠብኝ።

ጽሑፉ ምን ላይ ደረሰ ላልከኝ እንዲህ ነው። በየዓመቱ የሚታተም ወፍራም መጽሐፍ አለ፤ ፊደሉ ከጉንዳን ያነሰ። በዓለም ላይ ማን በጽሑፉ የማንን ጽሑፍ እንደጠቀሰ ይዘረዝራል። አንድ ተመራማሪ የሚመዘነው እዚያ ላይ ባለው ቁጥር ነው። እኛን ሠላሳ ሰባት ሰው ጠቅሶናል። በሄድኩበት ስብሰባ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ስሜን ደረቴ ላይ አንብቦ «አሥራ አራቱ ከሠላሳ ስምንቱ!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ስሜን ሳይሆን ቁጥሩን ነበር የሚያውቀው። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ወረቀት ላይ ተንሳፍፌ የምሄድ መሰለኝ።

ሣጥኑ አልጠፋም። ይህን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ የዞርኩት። መድኃኒቱን የሚያከፋፍለው ኮሚቴ ጽሑፋችንን አንብቧል። ከሠላሳ ስምንት አሥራ አራቱ የሚሞት ከሆነ ይህን ውድ መርፌ እዚያ በረሃ ከማባከን ሌላ ቦታ ይዋል ብለው ወሰኑ። አስተያየት ጠይቀውኝ ነበር። ቁጥሩ የራሴ ነው፣ ምን እላለሁ? አይዞህ፤ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ።

አስካል


ጂንካ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር አስካል፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። አየለች «ወይ ጻፍ ወይ ተኛ» አለችኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ለሕፃናት ክትባት ዲመካ ወርጄ ነበር። ፀሐዩ የገበያውን ሰው ሁሉ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ሙቀቱን ያውቁታል። አንድ ረጅም ሰው ማር ይዞ መጣ። ፀጉሩ በሸክላ ተሠርቷል፣ ደረቱ ሰፊ ነው፣ አንገቱ ላይ ጨሌ ደርድሯል። ከጨሌው መሐል አንዲት ቆርቆሮ ታበራለች። ከወተት ጣሳ ቆርጬ፣ በሚስማር ቁጥር ወግቼ ለበሽተኞቻችን ያሰርኩላቸውን ያስታውሳሉ? እሷ ናት። 23 ትላለች። ሦስት ቁጥር ላይ ሚስማሩ አዳልጦኝ ሁለት ጊዜ ወግቼው ነበር፤ ያው ምልክቱ አለ።

የሟቹን ቆርቆሮ ከየት አገኘኸው አልኩት። ሰውየው ሳቀ። «አንተ ነህ የሰጠኸኝ። እዚህ ነው ያሰርከው። ረሳህ?» አለኝ፣ አንገቱን እየነካ። ስምህ ማነው አልኩት። «ዎሌ» አለኝ። ከዚያ ከኪሴ ብዕሬን አወጣና እንደ መነጽር በዓይኑ ላይ አድርጎ ገበያውን ዞረ። ዶክተር፣ የክትባቱ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዲመካ ጎረምሳ በተሰለፉ ከብቶች ጀርባ ላይ ዘልሎ ለአካለ መጠን ሲደርስ የልጅነት ስሙን ይተዋል፣ አዲስ ስም ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ አሮጌውን ስም በሰው ፊት መጥራት ነውር ነው። እኔ የገዘር ሰው፣ አሪ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቄ ኖሬ ይህን የማላውቅ! ገበያ መሐል ቆሜ ከመዝገብ እያነበብኩ ያንን ስም ስጮኽ መሬት ያዩት አዝነው አይደለም። ለእኔ አፍረው ነው።

የሚብሰውን ልጻፍ። በሽታው የሚይዘው ከብት የሚጠብቀውን ጎረምሳ ነው፤ የሚዘልለውም እሱ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ጥሩ ስለነበር ብዙ ዝላይ ነበረ። በደንብ የዳነው ዘለለ፣ የዘለለው ስሙ ተለወጠ፣ ስሙ የተለወጠውን እኔ ሞተ ብዬ ጻፍኩ።

እርስዎ «ቆርቆሮውን እያየህ በየመንደሩ ቁጠር» ብለውኝ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ መኪናውም ሾፌሩም ሊመለስ ይቸኩል ነበር። ገበያ ላይ ጠርቼ ተመለስኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ እያልኩ ያቆየሁት ይህን ነው።

አሁን አሥር ቀን በእግሬ ዞርኩ። አሥራ አንድ ቆርቆሮ አገኘሁ፤ ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ። ሁሉም ከነባለቤቱ ነው፣ ጣፊያቸውን በእጄ ዳስሻለሁ፣ እብጠቱ የለም። በእውነት የሞቱት ሦስት ናቸው። መርፌው ይሠራል ዶክተር።

በደለኛው ዶላሞ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአቶ ዶላሞ ዳርጌ
ጂንካ

የጥቅምት 28 ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ደህና በመሆንዎ ደስ ብሎኛል።

ጉዳዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ስለሆነ በቅድሚያ የሚከተለውን እንዲያስረዱኝ እጠይቃለሁ። ቆርቆሮዎቹ ከሰው ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ ወይ? ይህን ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል? ለአውራጃው ጤና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳወቁት ነገር አለ?

መልስዎ እስኪደርሰኝ ለማንም ባይናገሩ መልካም ነው። በዚህ ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ ውሳኔ የሚጠበቅ በመሆኑ ሰፋ አድርጌ ለመጻፍ አልቻልኩም።

አስካል ወንድይፍራው


ጂንካ፣ ጥር 21 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር አስካል፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። «አቶ» ብለው ስለጻፉልኝ አየለች ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና «ሹመት አገኘህ እንዴ?» አለችኝ።

ለጥያቄዎ፣ ቆርቆሮ ከሰው ወደ ሰው ሊሄድ ይችላል። እርስዎ ለምርመራ መቅኔ የቀዱበት መርፌ ጠባሳ ግን አይሄድም፤ አሥራ አንዱም ላይ አይቻለሁ። የሚያውቀው እኔና አየለች ነን። ለጽሕፈት ቤቱ አልጻፍኩም። ስሙ የታተመው የእርስዎ ነው፣ ቃሉም የእርስዎ ይሁን ብዬ ነው።

የሚጠበቀውን ውሳኔ አልጠይቅዎም።

ዎሌ ታናሽ ወንድም አለው፣ ጋይቶ ይባላል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። በሚመጣው መከር ከብት ሊዘልል ተዘጋጅቶ ነበር። ዎሌ ባለፈው ሳምንት ይዞት መጣ። ጣፊያው ከጎድኑ ሥር አራት ጣት ወርዷል። «ለእኔ ያደረግኸውን አድርግለት» አለኝ። የለም አልኩት። «ለእኔ ነበረ» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ወረቀት ላይ ስለ ሞትክ ነው ልበለው?

ጋይቶ ጣቢያው ጥላ ሥር ይተኛል። ትኩሳቱ ሲነሣበት ይዘፍናል፤ ስለሚዘልላቸው ከብቶች ነው የሚዘፍነው፣ ቀለማቸውን አንድ በአንድ እየጠራ። ሳዳምጠው እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ከብቶቹም በእንቅልፌ ያልፋሉ።

አክባሪዎ ዶላሞ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወንድሜ ዶላሞ፣

«አቶ» ላልኩህ ይቅር በለኝ። ከዚያ የባሰም አለ፤ እሱንም አሁን እነግርሃለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሣጥን ይደርስሃል። ለዘጠኝ ሰው ሠላሳ ሠላሳ ቀን የሚበቃ ነው። ከኮሚቴው አይደለም፤ ናይሮቢ ያለ አብሮኝ የተማረ ወዳጄን ለምኜ ያገኘሁት ነው። ከኮሚቴውም ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ከመስከረም ጀምሮ ይልካሉ። እርማቱንም ለመጽሔቱ ልኬያለሁ። «ሞቱ ካልናቸው አሥራ አራት አሥራ አንዱ በሕይወት አሉ። ስሕተቱ የእኔ ነው» ይላል። አንተን አላነሣሁም። ቆርቆሮውን ይቁጠር ብዬ አዝዤ በየመንደሩ መሄዱን ሳላጣራ ለማተም የቸኮልኩ እኔ ነኝ።

ለምን እስከ ዛሬ? ትለኛለህ። የክፍሉ ኃላፊ ልሆን ነበር። ወረቀቴ ሚኒስትሩ ዘንድ ነበር፣ ከላዩ ላይ ያ ቁጥር ተጽፎ፤ ስልሳ አንድ ጊዜ ተጠቅሳለች ተብሎ። እስኪጸድቅ ልጠብቅ፣ ከዚያ እናገራለሁ አልኩ። ግንቦት 30 ጸደቀ። አምስት ወር ጠበቅኩ ዶላሞ። ደብዳቤህን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ በላዩ ላይ ስጽፍ ከረምኩ።

ጋይቶ እንዴት ነው? ለእሱ ከሣጥኑ መጀመሪያ ጀምርለት።

አስካል


ጂንካ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር አስካል፣

እንኳን ለሹመትዎ አበቃዎ። ከልቤ ነው። ሣጥኑ በአውሮፕላን ወረደ፣ አንድም ብልቃጥ አልተሰበረም። ሾፌሩ ከብቶቹን አባረረ፣ እኔ ሣጥኑን ታቀፍኩ፣ አየለች ከኋላ «ልጅ የወለደ መሰለ» እያለች ሳቀች።

ዘጠኝ ሰው ጀምረናል። ስድስቱ የዲመካ፣ ሁለቱ የኦሞራቴ ወንዶች፣ አንዷ ደግሞ የኦሞራቴ ሴት ናት፤ ስሟን ስትነግረኝ ሌላም ስም ካላት ጠየቅኋት። አሁን ሁሉንም እጠይቃለሁ፤ የልጅነት፣ የአሁኑ፣ የሚመጣውም ካለ። ቆርቆሮውንም እንደ ድሮ አስሬላቸዋለሁ።

ጉሙ ዘንድሮ ብዙ ነው። ስለ ጋይቶ የጠየቁኝን በሚቀጥለው እጽፋለሁ። ወረቀቴ እዚህ ላይ አለቀ።

አክባሪዎ ዶላሞ


ጂንካ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር አስካል፣

ስለ ጋይቶ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፣ በሦስተኛው ሞቶ ከሆነ ቀኑን ጭምር። ወረቀት አልቆብኝ አልነበረም።

ጋይቶ ያረፈው ግንቦት 3 ነው። ሣጥኑ ሊደርስ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው። ከቀትር በኋላ ነበር፣ ጥላው ከላዩ ላይ ሄዶ ፀሐይ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ላነሣው ስል ቀለለኝ። ለእርስዎ ልጽፍ ፈልጌ አልቻልኩም። ሲጠብቁ እንደነበር ሳውቅ ደግሞ ባልጽፍ ይሻላል አልኩ። አይቻልም፤ ባልሞቱት አምስት ዓመት ዋሽቻለሁ፣ የሞተውን ደግሞ ልደብቅ አልችልም።

እርስዎ አምስት ወር ጠበቁ። እኔ አምስት ዓመት። ከሁለታችን ማን እንደሚበልጥ እግዚአብሔር ይቁጠረው። እኔ አልቆጥርም።

ዶላሞ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1980 ዓ.ም.

ወንድሜ ዶላሞ፣

ስንት ዓመት ሆነን? በየፋሲካው ቴምብር ብቻ ስልክላችሁ ከረምኩ። ደብዳቤ ራስ ላይ ቀን ልጽፍ ስል ጋይቶ ያረፈበት ቀን እየመጣብኝ ነው። ስላልተቀየምከኝ አመሰግናለሁ፤ አየለች «ዓሣዎቹ በዙ፣ ውኃ ላኩልን» ያለችውን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ሳቅኩ፣ ከዚያም አለቀስኩ።

ኃላፊነቱን ለቅቄያለሁ። ማንም አላስገደደኝም።

እርማቱ ምን አመጣ ላልከኝ፣ ወፍራሙን መጽሐፍ በየዓመቱ እገልጣለሁ። የመጀመሪያው ጽሑፍ መቶ አርባ ስድስት ጊዜ ተጠቅሷል። እርማቱ አንድ ጊዜ። ያ አንዱ እኔ ነኝ። ግማሽ ገጽ ናት፣ ማን ያያታል? መድኃኒቱስ ተመልሷል፣ ለዚያ አምላክ ይመስገን። በመጽሐፍ ውስጥ ግን እነዚያ አሥራ አንድ ሰዎች በየዓመቱ እንደገና ይሞታሉ። ሌላ አገር ያለ ሌላ ኮሚቴ ደግሞ ያንን አንብቦ ሌላ ሣጥን ያስቀር ይሆናል። በሕልሜ ገበያው ውስጥ እየሄዱ አያቸዋለሁ፤ አንድ ሰው በጠቀሰን ቁጥር አንዱ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይተኛል። እኔ እየሮጥኩ አነሣለሁ።

ካርዶቹ አሁንም ይመጣሉ። ስለዚህ እንዲህ አደርጋለሁ፤ የጠየቀኝን ሰው ቅጂውን ስልክ ከላይ በእጄ በቀይ ብዕር እጽፍበታለሁ፦ «ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ በሕይወት አሉ። መርፌው ሳይዘገይ ከደረሰ ያድናል።» ሃያ ስድስት ቅጂ ቀርቶኛል። ሃያ ስድስት ሰው ያነባል ማለት ነው።

አሥራ አንዱ ይህን ያውቃሉ? በመጽሐፍ እንደሞቱ ነግረሃቸዋል? ልጠይቅህ ፈርቼ ነበር፣ ጠየቅኩህ።

አስካል


ጂንካ፣ ጥር 13 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር አስካል፣

ደብዳቤዎን ሳይ የጽሕፈትዎ ቅርጽ እንኳ ናፍቆኝ ነበር። ጤና ይስጥልኝ። ጉልበቴ አሁን እውነትም አስቸግሮኛል፤ ሲጠይቁኝ ደህና ነው እያልኩ የከረምኩት እርግማን ሆኖ ይሆናል። ጡረታዬ ደርሷል። አየለች ግድግዳው በቴምብር ሞልቶ ወደ ጣሪያው ወጥታለች።

ነገርኳቸው። ዲመካ ላይ ዎሌን አገኘሁት፤ ሦስት ልጅ አለው፣ ሆዱ አሁን በማሽላ ጠላ ነው የሚያብጠው። ሌሎቹን ስምንቱን ጠራልኝ። ሁለቱ ከብት ይዘው ርቀዋል። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። በፈረንጅ መጽሐፍ ሞታችኋል፣ በየዓመቱም የሚያነሣችሁ አለ አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ከዚያ ዎሌ እንዲህ አለኝ፦

«የጻፋችሁት ስም የማን ነው? የዚያ ልጅ ነው። ያ ልጅ የለም፣ እኛ ራሳችን ትተነዋል። ፈረንጆቹ ከፈለጉት ይያዙት። ዶክተሯን ምን አስጨነቃት?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም፤ ያ የገበያ ሙቀት እኔንም ከመሬት ያነሣኝ መሰለኝ።

ስንነሣ ዎሌ ክንዴን ያዘኝ። «ጋይቶስ?» አለኝ። ጋይቶ አልዘለለም። ያለው አንድ ስም ነው፣ እሱም አብሮት ሄደ። ቁጥር አልነበረውም፣ ቆርቆሮም አላሰርኩለትም፣ መድኃኒት ሳይኖር ምን ብዬ ልሰር? በእርስዎም ሆነ በእኔ ወረቀት ላይ የለም። ያልሞቱት አሥራ አንዱ በዓለም ሁሉ ተጽፈዋል፤ የሞተው አልተጻፈም። «እናንተ ስም መጻፍ ትወዳላችሁ። የእሱን ጻፉ» አለኝ።

እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም፤ እርስዎ ያውቃሉ። የቀሩት ቅጂዎች ላይ ከቀዩ መስመር በታች ቦታ ካለ።

አክባሪዎ ዶላሞ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 8 ቀን 1983 ዓ.ም.

ወንድሜ ዶላሞ፣

ይህ ደብዳቤ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም፤ አውሮፕላኑ ሲሄድ ሲቀር ነው አሉ። ከተማው ወሬ ብቻ ሆኗል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበትህን በጨው ውኃ ያዘው፣ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለኝም።

«ጻፉት ወይ?» ላልከኝ፣ ጻፍኩት። በቀሩት ቅጂዎች ሁሉ ላይ፣ ከዚያ ቀይ መስመር በታች፣ ስሙንና ያረፈበትን ዓመት ብቻ። እንደ መቃብር ድንጋይ ብዬ ነበር። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አንድ በአንድ ሄዱ፣ ዝምታ ሆነ። እኔም ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ከሕንድ አንድ ፖስታ መጣ። እዚያ ያለ የገጠር ሆስፒታል ሐኪም ቅጂ ጠይቆኝ ልኬለት ነበር። አሁን የራሱን ጽሑፍ አትሞ ለምስጋና ላከልኝ። እሱም ለአካባቢው መርፌው እንዳይቀር ነው የሚሟገተው። ስሜን ፈለግኩ፤ የለም። አሥራ አራቱም የሉም። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ መርፌው ሳይዘገይ ከደረሰ ያድናል (ጋይቶ)። ከጎኑ ዓመቱ።

ገባህ? ሐኪሙ በእጄ የጻፍኩትን አይቶ ያንን የተናገረው ሰው ስም መሰለው። እኛ ሰው ስንጠቅስ እንደዚያ ነውና የምንጽፈው፤ ስምና ዓመት። መጨረሻ ላይ ካሉት ምንጮች መሐል፣ ከታላላቆቹ ጋር በፊደል ተራ ተሰልፎ፣ ጋይቶ ተቀምጧል። ከዲመካ፣ ኢትዮጵያ።

ስሕተት ነው። እርማት ልጽፍለት ወረቀት አወጣሁ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ብዕሬን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወረቀቱን ለአንተ ጻፍኩበት። ቀኑን የሰረዝኩት ለዚያ ነው።

ቴምብሩ ለአየለች ነው፤ ወንዝ አለበት፣ ለዓሣዎቿ። ዎሌን ስታገኘው ንገረው፦ ወንድምህ ተጠቅሷል በለው። አንድ ጊዜ።

እህትህ አስካል